ከአቶ እንግዳወርቅ ቀድሞ የሚገባው ሰው

ከሦስተኛው የማግኔት ሕክምና ጀምሮ አቶ እንግዳወርቅ ከራሳቸው አርባ ደቂቃ ቀድመው ቤት ይገቡ ነበር።

መጀመሪያ የነገሯቸው ምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ድንቅነሽ ናቸው። አቶ እንግዳወርቅ ከክሊኒክ ተመልሰው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ብረት ይዘው ሲቆሙ፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ ከሚቀነጥሱት ጎመን ላይ ቀና አሉ።

«ደግሞ በየት በኩል ወጡ?»

«አልወጣሁም፤ እየገባሁ ነው።»

«ቅድም ገብተው የለም እንዴ? ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ነው የወጡት። እሰይ፣ እግዜር ማረልን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አቶ እንግዳወርቅ አመስግነው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። በሩ እንደተቆለፈ ነበር። ውስጥ ማንም የለም። ማንቆርቆሪያው ግን ትኩስ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የተጠጣ ሻይ ተቀምጧል። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም። እሳቸው ሻይ ሳያፈሱ ከጠጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ተቀመጡና የቀረውን ጠጡት።

አቶ እንግዳወርቅ ሠላሳ አራት ዓመት በመሬት ቀያሽነት የሠሩ ሰው ናቸው። የፓርኪንሰን ሕመም ከያዛቸው ሰባት ዓመት ሆኗል። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፃቸው አንሷል፤ እግራቸው ደፍ ላይ ሲደርስ መሬት ላይ የተለጠፈ ይመስል ቀጥ ብሎ ይቀራል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከሞቱ ሦስት ዓመት ነው። ልጃቸው ሰሎሜ ሐዋሳ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ንግግሩ አጭር ነው።

ሕክምናው ቢላም መርፌም የለውም። ሐሙስ ሐሙስ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ዶክተር ምንታምር ስምንት ቁጥር የመሰለ ጥቅል ሽቦ ጭንቅላታቸው ላይ ያስጠጋሉ። መሣሪያው ቀጭ ቀጭ ይላል። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ አውራ ጣታቸው ሳያዙት ብድግ ይላል። ዶክተሯ ገና ከጅምሩ «አይፈውስም፤ ለአንዳንድ ሰው ግን እርምጃውን ያቀናል» ብለዋቸው ነበር።

በአራተኛው ሐሙስ አቶ እንግዳወርቅ ነገሩን ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ከዚህ ስወጣ ሌላ እኔ ቀድሞኝ ቤት ይገባል።»

ዶክተር ምንታምር እስክሪብቶ አነሡ። «በስንት ደቂቃ?»

«በአርባ።»

«እሱ ይንቀጠቀጣል?»

«ሻይ አያፈስም።»

ጻፉት። «ራስ ምታት፣ ማዞር የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው እንቀጥል።»

ቀጠሉ። በስድስተኛው ሐሙስ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ በስምንተኛው ሦስት ሰዓት። አቶ እንግዳወርቅን አልከፋቸውም። ሲገቡ አልጋው ተነጥፎ፣ የሸሚዛቸው ቁልፎች በሙሉ ተቆልፈው ይጠብቋቸዋል። ከየሺመቤት ወዲህ ያንን ቤት ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ከመውጣታቸው በፊት ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትተው ሄዱ። በሽታው ጽሕፈታቸውን አሳንሶት የጉንዳን መንገድ ይመስላል። «ትንሽ ብትጠብቀኝ ምን አለበት?» ይላል።

ሲመለሱ ከሥሩ ተጽፎበታል። ፊደሉ ጉልህና የተስተካከለ ነው፤ በቅየሳ ዘመናቸው ካርታ ላይ ይጽፉት የነበረው ነው።

«እግሬ አልቆም አለኝ» ይላል።

በዘጠነኛው ሐሙስ ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አገኙ። በአንዱ አፍ ላይ የከንፈር ቀለም አለ። ገና ሳይቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ሰሎሜ ናት፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ነው የምትደውለው።

«አባዬ፣ ሳልነግርህ መምጣቴ እንኳን ሆነ! እስከ አደባባዩ በእግራችን ሄደን መመለሳችንን ለሰው ብነግር ማን ያምነኛል?»

አቶ እንግዳወርቅ ወንበሩን ያዙ።

«ደግሞ ስለ እማዬ መንገርህ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የሞተች ዕለት የክፍሉ በር ላይ እግርህ እምቢ ብሎህ እንደቆምክ፣ እየጠራችህም መግባት እንዳቃተህ... ሦስት ዓመት ሙሉ ልትገባ ያልፈለግህ ነበር የመሰለኝ። ለምንድን ነው ዝም ያልከኝ?»

ያንን ነገር ለልጃቸው ሊነግሯት ሦስት ዓመት ሲዘጋጁበት ኖረዋል። በየእሁዱ አፋቸው ላይ ይደርስና ይመለሳል።

«አንቺስ ምን አልሽኝ?» አሉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ እንጂ! አቅፌህ አለቀስኩ አይደል?»

«እኔንም በይኝ።»

ሰሎሜ ሳቀች። «ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የማወራው? በል፣ የዛሬ ሳምንት ተመልሼ እመጣለሁ።»

አቶ እንግዳወርቅ ሁለቱን ብርጭቆዎች አጠቡ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ስታቅፍ እጇ የት ላይ እንደሚያርፍ ለማስታወስ ሞከሩ።

በአሥረኛው ሐሙስ ሕክምና አልሄዱም። መድኃኒታቸውን ዋጡ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። ሰሎሜ ስትመጣ ራሳቸው ሊከፍቱላት ነው። ማንም ካልቀደማቸው ነገሩን ከአፋቸው ትሰማለች።

አምስት ሰዓት ላይ ዶክተር ምንታምር ደወሉ።

«አቶ እንግዳወርቅ፣ ዛሬ ከሁሉም ቀን የተሻሉ ነበሩ። ቀጣዩን ቀጠሮ ሳልነግርዎ ወጡ።»

«እኔ ዛሬ አልመጣሁም።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ፈርመዋል» አሉ ዶክተሯ።

አቶ እንግዳወርቅ ስልኩን አስቀምጠው ተነሡ። ወደ በረንዳው ሄዱ፤ ደፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ቀጥ አለ። ከዚያ ሆነው መንገዱ ይታያቸዋል። ሰሎሜ ከታክሲ ወረደች። እሳቸው የለበሱትን የመሰለ ካፖርት የለበሰ ሰው ከአጥሩ ጥግ ወጥቶ ወደ እሷ ሄደ። ክንዱን ሰጣት፤ ያዘችው።

«ሰሎሜ!» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። ድምፃቸው ከበረንዳው ብረት አላለፈም።

ሁለቱ መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ፣ ሰውየው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ቀኝ እግሩ ከመሬት አልነሣ አለው። መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። ሰሎሜ አልተጣደፈችም። ጫማዋን ከጫማው ፊት አግድም አድርጋ አስቀመጠችና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለችው። ሰውየው ጉቶ የሚሻገር ይመስል ጫማዋን ለመሻገር ቀኝ እግሩን አነሣ።

ፎቅ ላይ፣ ደፉ ላይ፣ የአቶ እንግዳወርቅ ቀኝ እግር ተነሣ።

ሰውየው እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈና ግራውን አነሣ። የአቶ እንግዳወርቅ ግራ እግርም ተነሣ። ቀኙ ገና አልወረደም ነበር፤ ደፉ ላይ ምንም እግር አልቀረም።