ለሁለት ሰው የተተከለው ኢንተርኔት

አናጢው ጣውላ ሲገዛ የሚያታልለው የለም። አንዴ ኳኳ አድርጎ፣ አንዴ አሽትቶ፣ «ይሄ ገና አልደረቀም፣ መልሰው!» ይላል፤ ነጋዴውም አንገቱን ደፍቶ ይመልሳል። ኢንተርኔት ግን አይሸተት፣ አይንኳኳ! ሰውዬው በስተርጅና እንዲህ ያለውን ዕቃ መርጠህ ግዛ ሲባል ግራ ቢገባው ማን ይፈርድበታል?

ያዘዘችው ልጁ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢያልፋትም ሰፈርተኛው ዛሬም ሚጣ ነው የሚላት። ሚጣ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ የምታወራው በእጇ ነው። እንጀራዋም ይኸው እጇ ነው፤ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ልጆቻቸው መስማት ለተሳናቸው ወላጆች በኮምፒውተር የምልክት ቋንቋ ታስተምራለች። ከተማው ግን አንገሽግሿታል። የኪራይ ውሏ ሊያልቅ ሲል ለአባቷ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «አባዬ፣ እጄን ሳይቆራርጥ የሚያሳይ ኢንተርኔት እቤት ካስገባህ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ካልሆነ ለሌላ ሁለት ዓመት እፈርማለሁ።»

መልእክቱን ለሚስቱ አነበበላት። «ጠቅልዬ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሚስቱ ብድግ አለች። «ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ጫማህን አድርግ እንጂ!»

መጀመሪያ የሄደው የኢንተርኔት ገመድ የሚዘረጉት ሰዎች ቢሮ ነው። ሠራተኛዋ ካርታ ዘርግታ በስክሪብቶዋ አሳየችው። ገመዱ አስፋልቱ ድረስ መጥቶ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ያለው ገጠር፣ የእሱ ቤት ጭምር፣ ካርታው ላይ ባዶ ነው።

«በዕቅድ ተይዟል» አለችው።

«መቼ ይደርሳል የኔ ልጅ?»

«ተይዟል አባባ።»

እንደ ተያዘ ይቆይ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ ሲም ካርድ የሚጎርስ ሳጥን የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ገባ። ሻጩ ምላሱ የተሳለ ነው። «ፊልም ቢሉ ፊልም፣ ኳስ ቢሉ ኳስ፣ ዓይንዎ እያየ ያወርድልዎታል!»

«እጅስ ያስተላልፋል?»

«ምን አሉኝ?»

«እጅ ነዋ! ልጄ የምታወራበት። እኔም የምመልስላት።»

«ኳስ በቀጥታ ያሳያል ስልዎት!» አለ ሻጩ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ስለሚመጣው ነው፤ አናጢውን የጨነቀው ደግሞ ከእሱ የሚሄደው ነው። እስቲ ልሞክረው ብሎ ሳጥኑን ተውሶ ሄደ። ሱቅ ውስጥ ሲፈነጭ የነበረው ሳጥን እቤት ሲደርስ ኮረብታው ጋረደውና ድርግም አለ። ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት፣ መስኮት ላይ አስቀመጡት፣ መጨረሻ ላይ ሚስቱ ወንበር ላይ ወጥታ ከጣሪያው ብታስጠጋው ትንሽ ነፍስ ዘራ።

«እሷ ባስተማረች ቁጥር እኔ እዚህ ተገትሬ ልውል ነው?» አለች ከላይ ሆና። ሳጥኑ በማግስቱ ተመለሰ።

የቀረችው ከሰማይ የሚቀበለውን ሳህን የምትተክለው ሴት ናት። መሰላሏን መኪናዋ ላይ አስራ መጣችና ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ስለ ፊልም አላወራችም። «ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔና ባለቤቴ። ሁለት። ከልጄ ጋር በእጅ ለማውራት ነው።»

«እንግዲያው እጅም እግርም ያስተላልፋል። ሳምንት ሞክሩት፤ ካልተስማማችሁ መጥቼ እነቅለዋለሁ።»

የዚያን ዕለት ማታ ሚጣ ጥርት ብላ መጣች፤ የጠጉሯ ዘለላ ሳይቀር ይታያል። አናጢው የሌባ ጣቱን ጫፍ መጋዝ ወስዶበታል፤ ስለዚህ በምልክት ሲያወራ አንዳንዱ ቃል ይጎልበታል። «አባዬ፣ አሁንም ኮልታፋ ነህ!» ብላ ሳቀችበት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። «ግን አንድ ቀንማ ሁሉም ያምርበታል። ቅዳሜ ደግመን እንየው» አለችው።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ምንም ባይነካ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ጎረቤቱን ግን ምን ያድርገው? ሬዲዮ ነው የሚሉት። የሰማውን ሳያሰራጭ ካደረ ሆዱ ይነፋል። በማግስቱ ማለዳ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ያቺን የይለፍ ቃል ወዲህ በላታ!»

ሰውዬው ደግሞ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለበት። እምቢ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በዱቤ ያሠራው ሁሉ የሚደፍረው ለዚህ ነው። ሰጠው። ለሬዲዮ ሰጠህ ማለት ለሰፈሩ ሁሉ ሰጠህ ማለት ነው። ከሰዓት ላይ ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ያውም የተቀመጡት እሱ ራሱ የሠራላቸውን በርጩማ ይዘው መጥተው ነው! ልብስ ሰፊው ፊልም በፊልም ላይ ያወርዳል፤ ሬዲዮ ኳስ እያየ ራሱን ይቀርጽና ላለው ዘመድ ሁሉ ይልካል፤ አጥሩ ስር ያሉት ዘፈን ከፍተው ይወዘወዛሉ።

«ይሄ ቤት ነው መናኸሪያ?» አለች ሚስቱ።

«ታዲያ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ሰው ምን ይላል?»

ቅዳሜ ደረሰ። አናጢው ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ተቀመጠ። ሚጣ ብቅ አለች፤ ወዲያው ተሰነጣጠቀች። «እጅህ ቆመ አባዬ» አለችው። ቆየት ብላ፣ «አሁን ደግሞ ጭንቅላትህ ብቻ ነው የሚታየኝ።» ከዚያ ጭራሽ ጠፋችና ጽሑፍ መጣ፦ «አይሆንም አባዬ። ብዙ ደክመሃል፣ አመሰግናለሁ። ሰኞ እፈርማለሁ።»

ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ሚስቱ ማድቤት ገባች፤ የታጠበውን ድስት መልሳ ስታጥብ ይሰማዋል። ስልኩን አነሳና ለሳህን ተካይዋ ደወለ። «ነይ ንቀይልኝ!»

ሴትዮዋ መጣች፤ ግን መሰላሏን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ግቢውን ቃኘች። «አባባ፣ ሁለት ነን አላሉኝም?»

«ሁለት ነን።»

«እነዚህስ?»

«እነሱማ... እንግዶች ናቸው።»

«ሳህኑ እንግዳና ቤተኛ አይለይም እኮ! ይሄ እየቀረጸ የሚልከው ሰውዬ ብቻውን መውጫውን ዘግቶታል። የእርስዎ እጅ በየት በኩል ይለፍ?» ቀና ብላ አየችውና አዘነችለት መሰለኝ፣ «የይለፍ ቃሉን ልቀይርልዎት?» አለችው።

ሚስቱ እርጥብ እጇን እየጠረገች ከማድቤት ወጣች። «ብትቀይሪለት ነገ መልሶ ይሰጣቸዋል። መቀየር ያለበት የእሱ አፍ ነው።»

አናጢው ወደ ግቢው ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደምን ዋላችሁ... መቼም ቅር እንዳይላችሁ... እንዲያው ካልተቸገራችሁ...»

«ኧረ ምንም አልተቸገርንም ጋሼ!» አለ ሬዲዮ። «ተጠጉለት፣ ይቀመጥ!» በገዛ ግቢው በርጩማ አቀረቡለት። ሰውዬው ሊቀመጥ ጎንበስ እንደማለት አለ። ወዲያው ሰኞ ትዝ አለው።

«ውጡልኝ!»

ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። ዘፈኑ ቆመ። «ውጡልኝ አልኩ! ልጄን ልታስቀሩብኝ ነው!»

«ማንን? ሚጣን?» ሬዲዮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አናጢው እየተንተባተበ የኪራዩንም የእጇንም ነገር ነገራቸው። «ታዲያ ሰው አይደለህ፣ ቀድመህ አትናገርም?» ብሎ ሬዲዮ ተቆጣ፤ ጥፋተኛው አናጢው ሆኖ አረፈው! ከዚያ በየደጁ እየዞረ «ሚጣ ልትመጣ ነው፣ ስልክ አጥፉ!» እያለ ለፈፈ። ልብስ ሰፊው ግን በርጩማውን ብብቱ ስር ወሽቆ፣ «ውጡልኝ ተባልን» እያለ አኩርፎ ሄደ። እስከ ዛሬም ሰላምታው ከሩቅ ነው።

ግቢው ባዶ ሲሆን ደግሞ ደወለላት፤ ሚጣ ስትከፍት ፊቷ ደክሟል። «ተወው አልኩህ እኮ።»

«አንዴ ብቻ። በሞቴ።»

«እሺ። ረጅም ነገር አውራልኝ። በቃ እስክልህ እንዳታቆም።»

ረጅም ነገር! በዚያ ምስሉ በሚቆራረጥ ስልክ ለዓመታት ያወሩት «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ስለ ጣውላ ጀመረ። ስለ አንድ የታዘዘ ቁም ሳጥን ተናገረ፤ መሳቢያውን፣ ማጠፊያውን፣ ቁልፉን ጨረሰ። ሚጣ በእጇ ቀጥል አለችው። የሚለው ጠፋበትና እጁ ዝም ብሎ ሄደ።

«ከሄድሽ ቤቱ ጭር አለ። ሰው አትሰማም ይልሻል፤ የዚህን ቤት ድምፅ ሁሉ ይዘሽ የሄድሽው ግን አንቺ ነሽ። በር ስትዘጊ ግድግዳው ይናጋ ነበር። እኛን ስትጠሪ ወለሉን በእግርሽ ትደልቂው ነበር። ሳቅሽማ ማዶ ድረስ ይሰማል። አሁን መጋዜን ሳቆም ምንም የለም። እናትሽ ሆን ብላ ድስት ታንኳኳለች። ናፍቀሽኛል ልጄ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ስልኩ ስለሚቆራረጥ አይደለም፤ አፍሬ ነው።»

ስክሪኑን ቀና ብሎ አየ። ሚጣ አትነቃነቅም። ዓይኗ እንኳ አይርገበገብም።

«ቆመ! እንደገና ቆመ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ነይ፣ ተበላሸ!»

ሚስቱ ከኋላው ቆማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታይ ነበር። ትከሻውን ያዘችው። «ምን ቆመ? እንባዋ ሲወርድ አታይም?»

ሚጣ ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች። «ገና ጣውላው ላይ እያለህ ነው ጥራቱን ያየሁት» አለች።

«ታዲያ ለምን በቃ አላልሽኝም?»

«እንድትጨርስ ብዬ» አለች ሚጣ። አፍንጫዋን ሳበች። «በሉ አሁን አልጋዬ ላይ የከመራችሁትን ኮተት አንሱልኝ።»

አናጢው ለሚስቱ ሊያሳያት ዞር ሲል የለችም። ከወዲያኛው ክፍል ካርቶን ሲጎተት ይሰማል።