ድምፅ የሰጠው ለቅሶ ቤት

«ተነሱ! የዚህ ሰፈር ነዋሪ የሆናችሁ፣ መታወቂያ የያዛችሁ ሁሉ ተነሱ!» አሉ እትዬ ሸዋረጋ።

ለቅሶ ቤቱ ክው አለ። ባላቸው ጋሽ ወልደሚካኤል የተቀበሩት ትናንት ነው፤ ሰልስት ሳይወጣ ደግሞ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም። ጀማነህ ንፍሮውን እንደጎረሰ ቀረ። ጀማነህ ለቅሶ ሲደርስ ከእንባው ሆዱ ይቀድማል።

«ሐዘኑ ነው፤ ውሃ ስጧቸው» ብሎ አንሾካሾከ።

«ውሃውን አንተ ጠጣው፣ ንፍሮው እንዳያንቅህ! ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፤ ለላይብረሪው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን።»

እዚህ አሜሪካ የሰፈሩ ላይብረሪ ሊዘጋ ነበር። ከዋሽንግተን ይመጣ የነበረው ገንዘብ ተቆርጧል፤ የሰፈሩ ሰው በቤት ግብሩ፣ በፕሮፐርቲ ታክሱ ላይ ትንሽ ልጨምር ካላለ በጥር ይቆለፋል። ጋሽ ወልደሚካኤል ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ በር ሲያንኳኩ ከረሙ። ሰፈሩን አሳምነው ያቃተቻቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም አልጋ የምትጋራቸው።

«ላይብረሪ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይክፈል! እኔ የቤት ዕዳው፣ ሞርጌጁ ይበቃኛል» ይሉ ነበር እትዬ ሸዋረጋ።

«ሸዋዬ፣ የሩቅ መንግሥት የሰጠውን በአንድ ፊርማ ይወስደዋል። እኛው ከያዝነው ግን ማን ይነጥቀናል?»

«እንግዲያው ብቻህን ያዘው! እኔ ‹ኖ› ነው የምለው።»

የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ሆነ። በማግስቱ የጋሽ ወልደሚካኤል ልብ ቀጥ አለ።

ትናንት ቀብሩ ላይ ግን እትዬ ሸዋረጋ የማያውቋቸው ሰዎች መጡ። አንድ የሱማሌ ሽማግሌ እያለቀሱ፣ «የሥራ ፎርሜን ላይብረሪ ቁጭ ብሎ የሞላልኝ እሱ ነው» አሉ። አንዲት የኔፓል ሴትን ለዜግነት ፈተና ያስጠኗት ለካ ጋሽ ወልደሚካኤል ኖረዋል። እሳቸውም ፓርኪንግ ሲጠብቁ ኖረው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመሩት እዚያው፣ በሃምሳ ዓመታቸው ነው። እትዬ ሸዋረጋ ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩትን ሰው ገና ትናንት ተዋወቁት።

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች ጎረቤታቸው ኑራ።

«ሰው ‹የስ› ይበል እንጂ ሌላውን እንደፈለገ ይበል!»

«እኔ እንኳ የሌላ ከተማ፣ የኒው አልባኒ ሰው ነኝ፤ የዚህ ሰፈር ድምፅ አይመለከተኝም» አለ ጀማነህ፣ ወደ ንፍሮው እየተመለሰ።

«ቫን አለህ አይደል? አንተ ትነዳለህ!»

ጀማነህ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ጥቁር የለበሰው ሕዝብ ምርጫ ጣቢያው ደጅ ሲሰለፍ፣ በር ላይ የቆሙት ፈረንጅ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ ሸዋረጋ «የስ» የሚለውን በጣታቸው ጫን አደረጉት።

ረቡዕ ጠዋት ልጃቸው ሀሴት ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። «ማም! ኢት ፓስድ! አልፏል፣ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ!»

«አሥራ ዘጠኝ?» ጀማነህ ሳህኑን አስቀምጦ ብድግ አለ። «እኔ ብቻ ያመላለስኩት ሃያ ሦስት ሰው ነው እኮ!»

ለቅሶ ቤት እልል አይባልም። ሁሉም አፉን ያዘ። ያልያዙት እትዬ ሸዋረጋ ብቻ ናቸው፤ ሶፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ቤቱን በእልልታ አቀለጡት። ኑራ ተከተለች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

እትዬ ሸዋረጋ በደስታ ፊታቸው እንደበራ፣ በቀኝ ክርናቸው ጎናቸውን ጎሸም አደረጉ። «ሰማህ?»

ክርናቸው ያገኘው በጋሽ ወልደሚካኤል መቀመጫ ላይ ያለውን ትራስ ነበር። ትራሱን ቀስ ብለው አቃኑትና፣ ማንም እንዳይቀመጥበት እጃቸውን ጣል አደረጉበት።