የኖራ ሰፈር

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሜትሩ ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሆኖ የሰው ቤትና ቦታ ሲለካ ኖሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላም አመሉ አልለቀቀውም። ሰው ቤት ሲጋበዝ ገና ሳይቀመጥ ሳሎኑን በዓይኑ ይለካና «አራት በአምስት ከሃያ» ብሎ ያጉተመትማል፤ ሚስቱም በክርኗ ትጎስመዋለች።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ታችኛውን ሰፈር የለካው ይኸው ሰውዬ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ ክፍል በክፍል። እሱ ለክቶ ሲጨርስ ዶዘር ገባ፣ ዶዘሩ ሲጨርስ አስፋልት ፈሰሰ፣ ዛሬ ቦታው መኪና ማቆሚያ ነው። ትእዛዙ የእሱ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል። ግን ትእዛዙን የፈረመውን ማን አይቶት ያውቃል? ሜትር ይዞ ደጅ ላይ የቆመው እሱ ነበር።

ታላቅ እህቱ ያኔ እዚያው ሰፈር፣ አብረው ባደጉበት በእናታቸው ቤት ትኖር ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንዲት ቃል ተንፍሳለት አታውቅም። ሠርግ ላይ እንኳ ቢገናኙ መሃላቸው ሦስት ሰው ካላስቀመጠች አትቀመጥም።

ዘንድሮ ከተማው የታሪክና የባህል ሳምንት ሲያዘጋጅ የባህል ቢሮ ኃላፊዋ ሜትሩ ቤት ድረስ መጣች። ልጁ ልትሆን የምትችል፣ ፈጣን ሴት ናት።

«ጋሼ፣ የታችኛው ሰፈር የልኬት ደብተር እርስዎ ጋ አለ ሲሉ ሰማሁ።»

«ቢኖርስ?»

«ሰፈሩን እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ በኖራ እናስምረው። እያንዳንዱን ቤት።»

«አሳንሰን?»

«ኧረ በልኩ፣ ጋሼ! ሰው ገብቶ እንዲቆምበት።»

«አንዴ ለክቼ ያስፈረስኩት ይበቃኛል» ብሎ እምቢ አላት። በማግስቱ ግን ደብተሩን በብብቱ ይዞ ራሱ ቢሮዋ ሄደ። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰፈሩ ከተሰመረ እህቱ ልታየው ትመጣ ይሆናል፣ ከመጣች ደግሞ ታናግረው ይሆናል። እሱ ስልሳ ስምንት፣ እሷ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሌላ ሃያ ስድስት ዓመት ከየት ይመጣል?

ሰኞ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ሁለት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሲባጎ ይወጥራሉ፣ ሜትሩ ከደብተሩ ያነባል፣ ሥሩ በተበሳ ጣሳ ኖራው እየተንጠባጠበ መስመር ይሆናል። በሌላው የከተማው ክፍል ሳምንቱ ደምቋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ ፎቶግራፎች ዘርግቷል፣ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የድሮ ዘፈን ይዘፈናል፣ ምሁራን ስለ ከተማው አመሠራረት ይከራከራሉ። መኪና ማቆሚያው ላይ ግን ሦስት ሰውና አንድ ባልዲ ኖራ። አላፊ አግዳሚው «ለኳስ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ሜትሩ አጎንብሶ መስመሩን ይቀጥላል።

ሐሙስ ከሰዓት ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ግማሹ ሰፈር ተሰምሮ አልቆ፣ በቤቶቹ መሃል ቀጫጭን መንገዶች ወጥተዋል። አንዲት ሴትዮ በሁለት እጇ ዘንቢል አንጠልጥላ፣ ቦታውን በቀጥታ አቋርጣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ልትሄድ መጣች። ኖራው ጋ ስትደርስ ቆመች። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፋ፣ ትንሽ ሄዳ፣ ወደ ቀኝ ታጥፋ፣ በጠባቡ መንገድ ወጥታ ሄደች። ሁለት ጣት የማትሞላ ነጭ መስመር መሻገር አቅቷት!

ሜትሩ ጣሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከእሷ በኋላ የመጣውም እንደዚያው አደረገ። ሦስተኛውም። «በዚህ እለፉ» ያለ ሰው የለም።

አርብ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ፎቶግራፍ ሲያዩ የነበሩት ቤተ መጻሕፍቱን ትተው ግልብጥ ብለው መጡ። የድሮው ጸጉር አስተካካይ ተጣጣፊ ወንበር ይዞ መጣና ሱቁ የነበረበት ሦስት በሦስት ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ደንበኛ የሚጠብቅ ይመስላል። አንድ ረጅም ሰውዬ ወደ እናቱ ቤት ሲገባ አየር ላይ ጎንበስ አለ፤ ለካ በሩ አጭር ነበር፣ አናቱ አልረሳውም። ያየ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ግን ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ሳቁም ወዲያው ቀዘቀዘ።

«ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ውስጥ ነው የኖርነው?» አለች አንዲት እናት፣ ዘጠኝ ልጅ ያሳደገችበትን ክፍል እያየች። «እንዴት በቃን?»

ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመላለስ አንድም ሰው በግድግዳ አላለፈም። ሜትሩ በዕድሜው ብዙ ነገር ለክቷል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቶ አያውቅም። በእጁ የጻፋቸው ደረቅ ቁጥሮች ውስጥ ይሄ ሁሉ ሰው እንደነበረ እስከዚያን ቀን አልገባውም ነበር።

ቅዳሜ የመጨረሻዎቹ ቤቶች ተሰመሩ። ኃላፊዋ ስትዞር አንዱ ቤት ጋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ምነው ባዶ ሆነ? ከውጭ ግድግዳውና ከበሩ በቀር ውስጡ ምንም የለውም።»

«ደብተሩ ላይ የለም።»

«የማን ቤት ነው?»

«የእናቴ።»

ኃላፊዋ ደነገጠች። «ታዲያ እርስዎ በቃልዎ አያውቁትም?»

«አውቀዋለሁ። ግን እኔ አላሰምረውም» አላት።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የሆነው እንዲህ ነው። በሥራው ደንብ ቤት የሚለካው ከውስጥ ነው፣ ክፍል በክፍል። የእናቱ ቤት ተራ የደረሰ ቀን እህቱ ሥራ ሄዳ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ሜትሩ ደፍ ላይ ቆመ፤ መግባት አቃተው። በውጭ ዞሮ ለክቶ፣ ስድስት በዘጠኝ ብሎ ጽፎ ሄደ። ጎረቤት ለእህቱ ነገራት። ቤቱ መፍረሱን ከሁሉ ጋር ችላዋለች። ወንድሟ የእናቷን ቤት እንደ ከብት በረት ከውጭ ለክቶ፣ እግሩን እንኳ ሳያስገባ መሄዱ ግን ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

እሑድ፣ የሳምንቱ መዝጊያ ቀን፣ መጣች። ከዘራ ይዛለች። ሜትሩ ከሩቅ አያት፤ በጠባቦቹ መንገዶች እየታጠፈች፣ አንድም ቤት ሳታቋርጥ፣ ቀጥ ብላ የእናታቸው በር ጋ ደረሰች። እሱ በጓሮው በኩል፣ ከኖራው ውጭ ቆሟል። ሁለቱን የሚያውቁ ሁሉ ተጠጉ።

ውስጡን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ቀና አለች።

«ለምንድን ነው ባዶ የሆነው?» አለችው። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነበር።

«አልገባሁም፣ እትዬ። በሩ ክፍት ነበር። እማዬ የሞተችበትን ክፍል እንዴት ብዬ ልለካው? እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እኔ ንቀኸን መስሎኝ።»

«ናቅሁሽ? እኔ?» ድምፁ ተሰበረ። «ያን ቀን መንገድ ዳር ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት።»

«ታዲያ ይሄን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ አንተ ደረቅ!»

«አፈርኩ።»

ከዘራዋን መሬት ላይ ጣለችው። «ጣሳውን ወዲህ በል።»

ኃላፊዋ ሮጣ አቀበለቻት። እህት ገብታ ማስመር ጀመረች፣ ያለ ሲባጎ፣ ያለ ሜትር። መሃሉን የሚከፍለው ግድግዳ። በመስኮቱ ሥር የእናታቸው አልጋ። የእሷ ፍራሽ። ጥግ ላይ እሱ የቤት ሥራውን ይሠራበት የነበረ ሣጥን። መስመሩ ይጣመማል፣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቆማ አላሰበችም። ሜትሩ አመሉ ነው፣ አላስችለው አለ።

«እትዬ፣ ያ ግድግዳ እኮ አርባ ሳንቲ ወደ ቀኝ…»

«ዝም በል! ገብተህ አልለካህም!»

ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም እያለቀሰ ሳቀ፤ ወደ እሷ ሊሄድ እግሩን ከኖራው በላይ አነሳ።

«ሂድ ወዲያ! ግድግዳ ነው!» ብላ ጮኸች። «በበሩ!»

እግሩን መለሰ። በጎረቤቱ ቤት ጥግ ታጥፎ፣ በጠባቡ መንገድ ዞሮ፣ ኖራው ክፍት የቀረበት ቦታ መጥቶ ቆመ። ያኔ የቆመበት ቦታ ነው። እጁን አነሳና አየሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

«ማነው?» አለችው፣ የምታየውን ወንድሟን።

«እኔ ነኝ።»

«ግባ፣ ክፍት ነው።»

ገባ።