የሚስራ አራተኛ ምስክር

ሚስራ ከወሎ መጥታ ልደታ ከገባች ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው ከልብስ ሰፊው ከበከር ጋር፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ኒካ ያሰሩላቸው ሼህ ሞተዋል፤ የጋብቻ ወረቀት አልነበራቸውም፤ ልጅም አልወለዱም። በከር በድንገት ሲሞት፣ ሐዘኑ እንኳ ሳይወጣ ወንድሙ ሙከሚል የቤቱ ውል ወደ እሱ እንዲዞር ለቀበሌው አመለከተ።

«እሷማ የቤት ሠራተኛው ነበረች» አለ።

ሚስራን ከቤቱ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ቃል ነው። የቀበሌው ሹም ደግሞ «ሚስት ከሆንሽ ማስረጃ አምጪ» ብሎ መለሳት።

እዚያው የቀበሌው ግቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወይዘሮ ሠርካዲስ ይቀመጣሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሕግ አሠልጥኗቸው የሰፈሩን ሰው በነፃ ይረዳሉ። ሚስራ እያለቀሰች ገባች። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ችሎት ቆሜ አልከራከርልሽም» አሏት። «አቤቱታሽን ግን አብረን እንጽፋለን። እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን የሚያውቁ አራት ምስክሮች ያስፈልጉሻል። ማን ማን አለሽ?»

ሚስራ ሦስት ሰው ጠራች። ሌሎቹ ሙከሚልን ፈርተዋል።

«የግድግዳ ጎረቤትሽስ?»

«ገረሱ? በውሃ መውረጃ ቦይ ከተጣላን ስድስት ዓመታችን። ሰላም አንባባልም።»

«ምስክር እንዲወድሽ አይደለም፤ እንዲያውቅሽ ነው።»

ሚስራ ሁለት ቀን አመነታች። በሦስተኛው የገረሱን በር አንኳኳች። ገረሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማትና «መቼ ነው?» ብቻ አላት።

በፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ዕለት ሠርካዲስ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ገረሱ ማለ።

«ሟችና አመልካች ምንና ምን ነበሩ?» አሉት ዳኛዋ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ይቺን ሴትዮ አልወዳትም» አለ። ሰው ሳቀ። «በቦዩ ጊዜ ብሰድባት በከር ዱላ ይዞ በሬ ድረስ መጣ። ‹ሚስቴን እንዴት ትሰድባለህ!› አለኝ። መሀል ገብቶ የገላገለን ይኸው ሙከሚል ነው። ‹የወንድሜን ሚስት ይቅርታ ጠይቃት› ያለኝም እሱ ነው። አልጠየቅኳትም እንጂ።»

ሙከሚል አንገቱን ደፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፍርድ ቤቱ ሚስትነቷን አረጋገጠ። ሚስራ የውሳኔውን ግልባጭ ይዛ ወደ ሠርካዲስ ሮጠች። ማንበብ ስለማትችል «ሚስት የሚለው የቱ ጋ ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

በጣታቸው አሳዩዋት። ሚስራ ያቺን ቃል ደጋግማ ዳሰሰቻት። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዟት።

«ተነሺ ልጄ፤ ይልቅ ፎቶ ኮፒ አስነሺውና አንዱን ሌላ ሰው ዘንድ አስቀምጪ።»