አፍንጫው ጠፍጣፋ ጥይት

አጎትየው በመሀረብ ቋጥሮ ያመጣቸውን ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፋቸው ሚሊ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ እጇ ላይ ያለውን ግራሶ እንኳ አልታጠበችም።

"በሉ እንግዲህ፣ አሳማ ሁሉ ይናዘዝ!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ቅዳሜ ጠዋት አንዱንም አላስቀርም!"

የሚሊን ትክክለኛ ስም ከምትሠራበት ቶርኖ ቤት የሚያስታውሰው የለም። ብረት ስትቆርጥ ፀጉር ለምታህል ስህተት ከአለቃዋ ጋር ስለምትናቆር "ሚሊሜትር" አሏት፤ ስሙ አጥሮ ሚሊ ሆነና እናቷ ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ። እናትየው የምትኖረው ከተማው ጠርዝ ላይ ነው፤ ከጓሮዋ ድንች ተክላለች። የዱር አሳማዎች ማሳውን እንደ ትራክተር ሲገለብጡት ከረሙና በቀደም አንዱ አጥሩ በር ላይ ገፍትሮ ጣላት። ጉልበቷ አብጦ አሁን በከዘራ ነው የምትሄደው። ማዘጋጃ ቤቱም አሳማ ለመተኮስ ፈቅዷል። ጠመንጃ ደግሞ አለ፤ ሟቹ አባት የተዉት፣ ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ። የታጣው ጥይቱ ነበር።

ሚሊ አንዱን ጥይት አንስታ ጫፉን በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው። መርፌ ነው።

"ከየት አመጡት፣ ጋሼ?"

"ከወዳጄ። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የጥይቱ ቁጥር አንድ ነው። ሞክሬዋለሁ ደግሞ፤ ስልክክ ብሎ ገባ። የገባ ይተኩሳል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"የሌላ ሰው ጫማም እግር ውስጥ ይገባል፤ ጉዱ ሲሮጡበት ነው።"

እናትየው ከሶፋው ላይ ሳቀች። አጎትየው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ፍሬን ከመፈተሽ ይልቅ ጡሩምባ መንፋት የሚቀናው ሰው።

ሚሊ ጥይቶቹን ጠረጴዛው ላይ እንደ ወረፋ ጠባቂ አንዱን ከአንዱ ኋላ ደረደረቻቸው። "የዚህ ጠመንጃ ካዝና ከአፈሙዙ ሥር ያለችው ቱቦ ናት። ጥይቶቹ እዚያ ውስጥ እንዲህ ነው የሚተኙት። የኋለኛው ሹል አፍንጫ የፊተኛው መቀመጫ ላይ፣ ልክ እሳት የምትጭረዋ ቦታ ላይ ያርፋል። ጠመንጃው ሲረግጥ ሚስማር ደቅኖ በመዶሻ እንደ መምታት ነው። ያን ጊዜ ግራ እጅዎ የት ነው? ቱቦዋን ደግፎ ይዟል።"

አጎትየው ግራ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው።

"አትሰናበታት፣ ገና አለች" አለችው እናትየው።

"እሺ፣ አንድ አንድ እያጎረስኩ እተኩሳለኋ!" አለ፤ በቀላሉ የሚረታ አይደለም።

ሚሊ ይኼኛው ሐሳብ መጥፎ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን "ስልክክ ብሎ ገባ" ያለው ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶባታል። ካሊፐሯን ከቦርሳዋ አውጥታ የአፈሙዙን ቀዳዳ ለካች፤ ደግማ ለካች። ቀዳዳው ከተቀረጸው ቁጥር ይሰፋል።

"ይኼ ጽሑፍ ይዋሻል" አለች፤ ጥይቶቹን መልሳ በመሀረቡ ቋጠረቻቸው። "ጋሼ፣ ለወዳጅዎ ይመልሱለት።"

በማግስቱ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ጠመንጃ ጠጋኙ ወሰደችው። ሱቁ በብስክሌት ጠጋኝና በመስታወት ቆራጭ መሀል የተወሸቀ ጠባብ ክፍል ነው። ሽማግሌው ዘመኑን ሙሉ ተኩስ ሲፈትሽ ጆሮው ስለደከመ ሰፈርተኛው "ጋሽ ምናልክ" ይለዋል። ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ጠመንጃውን ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረው። ለስላሳ እርሳስ በእንጨት ዘንግ እየገፋ በአፈሙዙ ውስጥ አሳለፈ፤ ጥይት የሚጎርስበት ጉሮሮ ውስጥ ደግሞ የቀለጠ ድኝ አፈሰሰ። ድኙ ሲጠነክር የጉሮሮውን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ሁለቱ አጎንብሰው እየተቀባበሉ ለኩት፤ ቁጥራቸው ገጠመ።

"ይቺ ጠመንጃ ሁለት ባል አግብታለች" አለ ሽማግሌው እየጮኸ። "አፈሙዟ ሲበላ አስፍተው ለወፍራም ጥይት ሞርደዋታል። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያ ባሏ ነው።"

"የበፊቱን ጥይት ብንተኩስባትስ?"

"ምን አልሽ?"

ጮኻ ደገመችለት።

"ቀለሁ ይሰነጠቃል! እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይን!"

ከመደርደሪያው አንድ ሣጥን አወረደ። ጥይቱ መጠኑም ልክ ነው፣ አፍንጫውም ጠፍጣፋ ነው። ሚሊ ደስ ብሏት ልትቀበለው ስትል የሣጥኑን ጎን አነበበች፤ ባሩዱ ኃይለኛ ስለሆነ ለአዳዲስ ጠመንጃዎች ብቻ ይላል። እጇን ሰበሰበች።

"ጎበዝ!" አለ ሽማግሌው። "ሳታነቢ ብትወስጂው ኖሮ ቀምቼሽ ነበር።"

ለስላሳ ባሩድ ያለው እንደዚያ ዓይነት ጥይት የሚገኘው ጎረቤት ከተማ፣ የተኩስ ክበብ ውስጥ እንደሆነ ነገራት። በዕረፍት ቀኗ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። የክበቡ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ደልዳላ ሴት ናት፤ መጀመሪያ ያወጣችላት አሮጌ ፓኮ ነበር። ሚሊ ከፍታ ብታይ ቀለሆቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል።

"ይኼን ለጠላቴም አልመኝም፣ እህቴ።"

"እኔም ሳልከፍተው ኖሬ!" ብላ ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ፓኮውን ለማስወገድ ለብቻው አስቀመጠችና ከውስጠኛው ክፍል አዲስ ይዛ መጣች። ሚሊ እያንዳንዱን በካሊፐር ለካች፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ከዚያ በኋላ ነው ፊቷ የተፈታው።

ሙከራው በጋሽ ምናልክ ጓሮ፣ አፈር ቁልል ፊት ተደረገ። ሽማግሌው ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ ጠፍሮ አሰረና ቃታው ላይ ረጅም ገመድ ቋጠረ፤ ሁሉም ከግንብ ኋላ ሆኑ። አጎትየው ገመዱን ለመሳብ ለመነ፤ ተፈቀደለት። ጓሮው ድው አለ። ሚሊ ቀለሁን አንስታ በብርሃን አገላበጠችው። አላበጠም፣ አልተሰነጠቀም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ነበሩ።

"በይ ውሰጃት፤ ጤነኛ ናት" አለ ሽማግሌው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አጎትየው ኮቱን ቆልፎ መጣ። እናትየው ግን ቀድማው ዱካዋን የጓሮው መጋዘን በር ላይ አስቀምጣ፣ አፈሙዙን የአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች።

"እትዬ፣ አምጪው እንጂ!"

"አንተ ጆሮህን ድፈን" አለችው። "ባሌ ጠመንጃ መወልወል ነበር የሚያውቀው። የምተኩሰው እኔ ነበርኩ።"

ሚሊ ይኼን ሰምታ አታውቅም። እናቷን ዞራ አየቻት፤ ትከሻዋ ሰደፉን ሲቀበለው የቆየ ወዳጅ ያገኘ ይመስላል። አሳማዎቹ ከኮረብታው ሥር ወጡ። እናትየው አልቸኮለችም። ትልቁ ጎኑን እስኪሰጣት ጠበቀችና ተኮሰች፤ እዚያው ተዘረረ። እጀታውን ገፍታ መለሰች፣ ሁለተኛውን ከሚሮጥበት ጣለችው። የተረፉት ቁጥቋጦውን ጥሰው ጠፉ።

አጎትየው ባርኔጣውን አወለቀ።

"አባትሽ ቢሆን አሳማውን ስቶ የጠላ ጋኑን ነበር የሚበሳው" አለች እናትየው እየሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ እንባዋ መጣ። ሚሊ ጠመንጃውን ተቀብላ የቀሩትን ጥይቶች አወጣች፣ ጉሮሮውን በጣቷ ዳስሳ ባዶ መሆኑን አረጋገጠች፣ ከዚያ እናቷን አቀፈቻት።

ፀሐይ ሲወጣ እናትየው በከዘራዋ ወደ ማሳው ወረደች። የተገለበጠውን አፈር እየጫረች፣ የተረፈውን ድንች እያነሳች፣ "ይኼኛው ይበቅላል፤ ይኼኛውም" ትል ጀመር። ሚሊ ዶማ ልታመጣ ሄደች።