የቁርስ ቀኖና

ታናሽ እህቴን የሻረግን ያመማት አእምሮዋን ነው። ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ የጌጃ ሰፈር ሰው እንደሆነ ከእኛ ቀድሞ አውቆታል። መሥሪያ ቤቷ ታይፕ ስትመታ ድንገት እጇ ተሳሰረና እያለቀሰች ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ዳገት ሆነባት። ሐኪሙ ክኒን አዘዘላት፤ “ምግብ ሳትበዪ እንዳትወስጂው” ብሎ። እሷ ግን በሽታዋን የኃጢአቷና የስንፍናዋ ቅጣት አደረገችው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭራሽ እስከ ማታ እህል አልቀምስም አለች። እህል ከሌለ ክኒንም የለም። በዚያ ላይ ስግደት! አንድ ቀን ጉልበቷ ቆስሎ ቀሚሷ ላይ ደም አየሁ።

ጎረቤታችን መርየም እንኳ፣ “በእኛም ቢሆን የታመመ ሰው አይጾምም እኮ” ብላ መከረቻት። ማን ሰምቶ!

እሁድ ጠዋት ለቀበሌ ስብሰባ የሚቀሰቅሰው ካድሬ ደጃችን ቆሞ፣ “ጓዲት የሻረግ ለምን ትቀራለች? አብዮቱ ሰነፍ አይወድም!” ሲል፣ ከውስጥ “እውነቱን ነው” አለች። ደሜ ፈላ። ለእሱ የሚሆን መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዘመኑን አስቤ ዋጥኩት። እሷን ግን አልማርኳትም።

“እሱ እንኳ በሳምንት አንዴ ነው የሚሰድብሽ፤ አንቺ ቀኑን ሙሉ!” አልኳት።

ልብሷ ሲሰፋባት፣ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ልደታ ማርያም ሄጄ የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ሚካኤልን ይዣቸው መጣሁ። የሻረግ ገና ሲገቡ እግራቸው ላይ ወደቀች።

“አባቴ፣ ከባድ ቀኖና ይስጡኝ።”

“ብሰጥሽ ትፈጽሚዋለሽ?”

“እፈጽማለሁ።”

“እንግዲያው እስከ ሆሳዕና በየጠዋቱ ቁርስሽን ብዪ፣ ክኒንሽን ዋጪ። ስግደት የለም።”

“አባቴ! ይሄማ ቀኖና አይደለም!”

“የጎረቤት ልጅ ቢታመም ቁርስ ትከለክዪዋለሽ?”

“ኧረ በማርያም!”

“አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?” አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት።

ልሸኛቸው ስወጣ፣ “ከሆሳዕና በኋላስ አባ?” አልኳቸው።

“ያኔ እሷ ታውቃለች። አንቺም ታገሺ፣ ወርቅአፈራሁ።”

ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ከሆሳዕና ማግስት ሰው ሁሉ ሲሰግድ የሚውልበት የሕማማት ሳምንት እንደሚገባ ጠፍቷቸው ነው? ብዬ በቄስ ላይ ተናደድኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

የመጀመሪያውን ጠዋት የሽሮ ፍርፍሩን በእንባ ነው የበላችው። ስግደቱ ይቀላት ነበር። አንዳንድ ቀን ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ሳህኑን ትገፋለች፤ አንዳንድ ቀን ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ጮኼባት እወጣለሁ፣ አፍሬ እመለሳለሁ። ቀስ በቀስ ግን ፊቷ ወዝ አገኘ፣ እንቅልፍም ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን እንድሠራላት ጠየቀችኝ፤ ደስታዬን ለመደበቅ፣ “ምን ዓይነት ቋጠሮ ነው!” እያልኩ ተቆጣኋት።

ሆሳዕና አለፈ። የሕማማት ሰኞ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ የሻረግ አልጋዋ ላይ ነበረች። ስታለቅስ ነው ያደረችው፤ በሽታው ተመልሷል። ቀኖናው አልቋል፤ አባን ልጥራ ብል በሕማማት ንስሐ አይሰጥም፣ መስቀልም አይሳለሙም። የሚያዛት ሰው የለም። ከተነሳች ራሷን በስግደት ልትገድል፣ ካልተነሳች ራሷን ስትረግም ልትውል ነው ብዬ ደመደምኩ። ነጠላዬን እንደለበስኩ አጠገቧ ቆምኩ።

“እትዬ” አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

“ወዬ።”

“ዛሬ መነሳት አቃተኝ።”

ስድቡን ጠበቅኩ። ሰነፍ፣ ርጉም፣ ከንቱ እያለች ለራሷ የምታወርደውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከውጭ የሚያልፉት ሰዎች ኮቴ ይሰማል።

“አሞኝ ነው” አለች። ከዚያ ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰች።

“እትዬ፣ ርቦኛል።”

ነጠላዬን አልጋው ላይ ጥዬ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ።