ሚስቴ የምትጽፈው ሪፖርት

አሶሳ ውስጥ ባለ አንድ የውሃ ጥገና ድርጅት የቡድን መሪ ነኝ። በሥሬ ካሉት ሠራተኞች አንዱ ሙዐዊያ ይባላል፤ የበርታ ሰው ነው። የእጅ ፓምፕ ሲበላሽ ሌሎቻችን ቧንቧውን ሁሉ ነቅለን እናወጣለን። እሱ ግን እጀታውን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጎ ያዳምጥና «የታችኛው ጎማ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የጥገና ሪፖርት ላይ ግን አይሆንለትም፤ ቅጹን ሁለት ሳምንት ይዞት ከርሞ ባዶውን ይመልሰዋል።

ሰዉ ሁሉ «አማርኛ የአፍ መፍቻው ስላልሆነ ነው» ይል ነበር። እኔ ግን እውነቱን አውቅ ነበር። አንድ ቀን ከጾሬ የስደተኞች መጠለያ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነግሮኛል።

«ቁርአን ቤትም እንደዚህ ነበር» አለኝ። «ስሰማ እይዛለሁ። ሳነብ ፊደሉ ይሄዳል፣ አይቆምም።»

የነገረኝ የራሴን ታሪክ ነበር። ለእኔም «በ» እና «ለ» ከልጅነቴ ጀምሮ ይቀያየሩብኛል። ከወሎ በሰፈራ የመጣው አባቴ በዱላ ሊያስተካክለኝ ሞክሮ አልሆነለትም። ኮሌጅ የጨረስኩት ጓደኞቼ ሲያጠኑ እያዳመጥኩ ነው። ያኔም ሪፖርቴን እኔ እናገር፣ አስተማሪዋ ባለቤቴ ውድነሽ ትጽፍ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ማንም አያውቅም ነበር። ያን ቀን ልነግረው ይገባኝ ነበር። «ትለምደዋለህ» ብቻ አልኩት።

ሰኔ ላይ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ተደረገ። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ትሩፋት ወደ እኔ ዞሩ።

«ስለሺ፣ የዚህ ልጅ ችግር ምንድን ነው?»

ሙዐዊያ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ መልሴን ይጠብቃል። እውነቱን ብናገር «አንተ በምን አወቅህ?» እንዳልባል ፈራሁ።

«ለሥራው ትኩረት አይሰጥም» አልኩ።

ወደ በር ጥበቃ አዛወሩት። እዚያም መዝገብ አለ፤ የሚገባውን መኪና ታርጋና የሹፌሩን ስም መጻፍ ነው። አንድ ጠዋት መኪና እየነዳሁ በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሦስት መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። ሙዐዊያ ግንባሩን ላብ አጥምቆት የእኔን ስም ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲጽፍ አየሁት። ቀና ብሎ አላየኝም።

በቀጥታ ወይዘሮ ትሩፋት ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሱንም፣ የራሴንም። ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ።

«በጽሑፍ አድርገው።»

እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የተሳሳተውን ፊደል ሁሉ እያዩ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግምገማው ላይ ብትናገር ኖሮ ምን እናደርግህ ነበር?»



መስከረም ላይ ሙዐዊያ ወደ ጥገና ተመለሰ። አሁን ሁለታችንም ሪፖርታችንን በስልክ ድምፅ እንቀዳለን፤ የቢሮው ጸሐፊ ሪም ትጽፈዋለች። በተመለሰ ዕለት መጋዘን ውስጥ ብቻውን ሲሠራ አግኝቼ እኔም ፊደል እንደሚቀያየርብኝ ነገርኩት።

«እስከ ዛሬ ያንተን ማን ይጽፋል?» አለኝ።

«ሚስቴ።»

«ሚስትህ ጎበዝ ነው» አለና የፓምፑን ዘንግ መወልወሉን ቀጠለ። ቆይቶ «እኔ መኪና ውስጥ ስነግርህ፣ አንተም እንደኔ ነበርክ?» አለኝ።

«አዎ። አፉ በለኝ፣ ሙዐዊያ።»

«አላህ አፉ ይበልህ» አለኝ። እሱ ራሱ አፉ እንዳለኝ ግን አልነገረኝም። እኔም ደግሜ ለመጠየቅ ፊት የለኝም።